ሊቀ ሚሊአምፔር ይሄነው

ሠርቶ የጨረሰውን ነገር ራሱ የማያምን ሰው የሌለበት ከተማ የለም። በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ «ቆልፌዋለሁ ግን?» ብሎ የሚመለሰውን ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳር ሊሄድ ተሳፍሮ ዳንግላ ላይ «ከሰሉን አላጠፋሁም» ብሎ የሚወርደውንም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አብራችሁት ትኖራላችሁ። እንጅባራ ላይ የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አለቃ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ይሄነው ነው። አብራው የምትሠራው ሰርክአዲስ «ሊቀ ሚሊአምፔር» የሚል ማዕረግ ሰጥታዋለች። ሚሊአምፔር የከረንት መለኪያ ናት፤ የአምፔር አንድ ሺኛ። ሊቀ ሚሊአምፔር እንቅልፍ የሚያጡት ለእሷ ነው።

ሁለቱም ከአንድ ቴክኒክና ሙያ የወጡ ናቸው፤ አንድ ሱቅ፣ አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ዕቃ ሲመጣ ነው። ሰርክአዲስ ክዳኑን ትፈታለች፣ የተቃጠለውን በአፍንጫዋ ታገኘዋለች፣ ቀይራ በይዳ ትሰጣለች። ይሄነው ላፕቶፑን ይከፍታል። አንድ ሶፍትዌር አለው፤ የዕቃውን ሰርኪዩት፣ ማለትም ከረንቱ የሚዞርበትን መንገድ፣ እዚያ ላይ ይስላል። ስሎ ሲጨርስ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ በየሽቦው ላይ የሚያልፈው ከረንት በቁጥር ይወጣል፣ ትንሽ ቀስትም ወዴት እንደሚሄድ ታሳያለች። «ቁጥሩ ይታየኝ» ይላል። ቁጥሩ ካልታየው የመበየጃ ካውያውን አይሰካም።

የሱቁ አምፖል የተቃጠለ ጊዜ እንኳ ስሎታል። አንድ አምፖል፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁለት ሽቦ። ሰርክአዲስ በጨለማ ወንበር ላይ ቆማ አዲሱን አምፖል በእጇ ይዛ ትጠብቃለች፤ እሱ ፊቱ በስክሪኑ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ «አንዴ፣ አንዴ» ይላል።

ነጋ የሚባሉ የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ ራዲዮናቸውን አምጥተው ከጎኑ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩ፤ ቆዩና ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ራዲዮኔን ሥራልኝ አልኩህ እንጂ ሥዕሉን ሣልልኝ አልኩህ?»

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሠላሳ ሁለት ሚሊአምፔር ነው የሚያልፈው። አዩት?»

«እኔ ዜና ነው የምፈልገው!»

ራዲዮው ተሠራ። ጋሽ ነጋ ዜናቸውን እየሰሙ ሄዱ፤ ይሄነው ግን ሠላሳ ሁለቱ ለምን ሠላሳ እንዳልሆነ እያሰላሰለ ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ይህን ሁሉ ሰርክአዲስ እየሳቀች ችላዋለች። ያልሳቀችው የዳንግላዋ እትዬ ማናለብሽ የመጡ ቀን ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጉሙ ከተማውን እንደ ሸፈነ፣ ከሚኒባስ ወርደው እየሮጡ ገቡ። በነጠላ ጠቅልለው የያዙትን ጠረጴዛው ላይ ሲፈቱት የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው።

«ልጆቼ፣ ድረሱልኝ። ማሽኑ ቆመ። እንቁላሉን በጋቢ ሸፍኖ፣ በጀሪካን ሙቅ ውሃ ከቦ የሚያቆየው ባለቤቴ ነው። ሙቀቱ ቢበዛ እስከ ማታ ነው የሚቆየው።»

«ብዙ ነው እንቁላሉ?» አለች ሰርክአዲስ።

«መብዛቱስ ባልከፋ። ግማሹ የሰው አደራ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከየዶሮው ሥር አንስቶ ነው የሰጠኝ። ብርሃን ላይ ሳየው ውስጡ ይንቀሳቀሳል እኮ! ከቀዘቀዘ ያልቃል፤ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

ሰርክአዲስ ቦርዱን አየች፤ አሸተተች። ሪሌው ተቃጥሏል። ሪሌ ከረንት ሲያገኝ ተስቦ ማሞቂያውን የሚያበራ፣ ከረንቱ ሲቋረጥ የሚለቅ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አዲሱ መሳቢያቸው ውስጥ አለ። ቀይሮ በይዶ መስጠት ነው፤ እትዬ ማናለብሽ የመጡበት ሚኒባስ ወደ ዳንግላ ሳይመለስ ይደርሱበታል። ካውያውን ሰካች።

«ቆይ» አለ ይሄነው። ላፕቶፑ ተከፍቷል።

«ይሄነው! ዛሬ አይሆንም!»

«ለምን ተቃጠለ? ዝም ብሎ አይቃጠልም። ቁጥሩ ይታየኝ።»

«እንቁላሉ እየቀዘቀዘ!»

«ልጄ፣ ምንድን ነው የሚሠራው?» አሉ እትዬ ማናለብሽ፣ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንከራተተ።

«ይስላል» አለች ሰርክአዲስ።

«ምን?»

«የቦርድዎን ሥዕል።»

እትዬ ማናለብሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ ስለሆነ በመብራት ብቻ ነው የሚሠራው፤ መብራት ደግሞ በዚያ ሰሞን አንዴ ከሄደ ማታ ነው የሚመጣው። ሰርክአዲስ አንድ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ፣ አንዱ አምፖሉ ላይ ሆነ። ይሄነው ትራንዚስተሩን ሣለ፣ ከረንቱን የሚገድበውን ሬዚስተር ሣለ፣ የሪሌውን ጥቅል ሽቦ ሣለ። ቁልፉን ተጫነ። ቁጥሮቹ ወጡ። ፊቱ ነጣ።

«ሰርኬ፣ እዪው። ኔጌቲቭ ነው። ከረንቱ ወደ ኋላ እየሄደ ነው!»

«የት ነው የሚሄደው? ወደ መብራት ኃይል?»

«አትቀልጂ፣ በማርያም!»

መስመሮቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመረ። ሁሉም ልክ ነው። እንደገና ተጫነ፤ የመቀነስ ምልክቷ እንደ ግንባር ጠባሳ እዚያው ናት። ሰርክአዲስ ማውሱን ከእጁ ነጠቀችው። ሬዚስተሯን ስሎ ሲያስቀምጥ ገልብጧት ነበር፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከረንቱን የሚቆጥረው ከዕቃዋ አንደኛው እግር ተነሥቶ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚሄድ መስሎታል። አዞረቻት። ተጫነች። ምልክቷ ጠፋች።

«በቃ? እንበይደው?»

እሱ አይሰማትም። ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነው። በሪሌው ላይ የሚያልፈው አርባ አንድ ሚሊአምፔር ይላል።

«ሰባ መሆን አለበት» አለ ቀስ ብሎ። «በአርባ አንድ አጥብቆ አይዝም፤ ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ ብልጭ ድርግም እያለ ራሱን ያቃጥላል። ይቺን ሬዚስተር ከዚህ በፊት የሆነ ሰው ቀይሯታል፤ ልኳ አይደለችም። አዲሱንም ሪሌ ሌሊቱን ትበላዋለች።»

ሰርክአዲስ ካውያውን እንደያዘች ቀረች። ዝም ብላ ልካቸው ቢሆን ኖሮ፣ እትዬ ማናለብሽ ነገ ጠዋት የሚያነሡት የቀዘቀዘ እንቁላል ነበር። ሪሌውንም ሬዚስተሯንም ቀይራ በየደች።

የጨረሱት ሚኒባሱ ካመለጣቸው በኋላ ነው። ሰርክአዲስ የሌላ ሚኒባስ ሾፌር የሆነውን አዝመራውን ለመነችው፤ የመጨረሻ ጉዞው ስለነበረ ሦስቱንም ዳንግላ አድርሶ፣ እሷንና ይሄነውን መልሶ ሊያመጣቸው ተስማማ። መንገዱን ሙሉ እትዬ ማናለብሽ ቦርዱን እንደ ሕፃን አቅፈው ነበር። ይሄነው ጥፍሩን ይበላል።

ደርሰው ሲሰኩት ሪሌው ጠቅ አለ፤ ማሞቂያው በራ። ባልየው ጋቢውን ገልጠው እጃቸውን እንቁላሉ ላይ አሳረፉ።

«ለብ ያለ ነው፤ አልቀዘቀዘም!»

እትዬ ማናለብሽ ሰርክአዲስን አንገቷን አቅፈው ሳሟት። ወደ ይሄነው ሲዞሩ ግን የለም። መሬት ላይ ተንበርክኮ የከረንት መለኪያ ሜትሩን ከቦርዱ ጋር እያገናኘ ነው።

«ስልሳ ስድስት» አለ። «ስክሪኑ ሰባ ነበር ያለው።»

«ይሠራል እኮ፣ ወንድምዓለም» አሉ ባልየው።

«አሁን ይሠራል። ሲመሽ ከተማው ሁሉ መብራት ያበራል፣ ምድጃ ይሰካል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል። ይሄም አብሮ ይወርዳል። ከሃምሳ አምስት በታች ከሄደ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ እኔ እዚህ ከሌለሁስ?»

ውጭ ፀሐይዋ ገብታለች። ጎረቤት አንድ መስኮት በራ፤ ቀጥሎ ሌላው። ሜትሩ ስልሳ አራት አለ።

አዝመራው ጥሩንባውን ነፋ። «እንሂድ! ጉሙ ሳይወርድ!»

ሰርክአዲስ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ዘወር አለች። ሊቀ ሚሊአምፔር ከእንቁላሉ ጋር ተፋጠው ተቀምጠዋል፤ ልብ ያላቸውም እነዚያ ቅርፊት ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ እሳቸው ብቻ ይመስሉ ነበር፣ ደረታቸው እንዲያ ሲመታ። በሱቁ በር ከወጡት ዕቃዎች መካከል ተበላሽተው ተመልሰው የሚመጡት እሷ የጠገነቻቸው መሆናቸው ትዝ አላት፤ የእሱ አንድም ቀን ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። ማታ ማታ ራሷን ትራስ ላይ እንዳሳረፈች እንቅልፍ የሚወስዳት እሱ በእሷ ፈንታ ስለሚጨነቅ እንደሆነም፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ገባት።

«አዝመራው!» ብላ ጮኸች። «ሂድ አንተ!»

«ኧረ ሌላ መኪና የለም ዛሬ!»

«አውቃለሁ። ሂድ።»

የሚኒባሱ ድምፅ አስፋልቱን ይዞ ራቀ። ሰርክአዲስ ቦርሳዋን ግድግዳው ላይ ሰቀለች፤ አንድ ጆንያ ጎትታ ከጎኑ አነጠፈችና ተቀመጠች። ስልሳ ሁለት። ከመንገዱ ማዶ ሌላ መስኮት በራ።

«ምነው ቀረሽ?» አላት፣ ዓይኑን ከቁጥሩ ሳያነሣ።

«ፈቀቅ በል፤ ሜትሩን ከለልክብኝ።»