ሰው የማያስፈልጋት መኪና

በሥልጣኔ ዘመን የሰው ልጅ መሪ መጨበጡ ነውር መሆኑን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳ አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት፣ ራሷን በራሷ የምትነዳ መኪና ገዛ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ አሰልፈው፣ «ይህቺ መኪና አትደክምም፣ አታረፍድም፣ ሰው አታማም» ሲሉ አበሰሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሹፌሩን በዓይናቸው ገረፍ አደረጉት።

ሹፌሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ለዚህ ውለታው ደብዳቤ ደረሰው፦ አሮጌዋ መኪና ስለተሸጠችና መደቡ ስለታጠፈ፣ አቶ ሹፌር እስከ ዓርብ የጋራዡን ቁልፍ ያስረክቡ። ሁለት ልጆቹ ገና ተማሪዎች ናቸው። ደብዳቤ ግን ምን አንጀት አለውና።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በአንድ አዳራሽ ስለ መኪናዋ ንግግር ሊያደርጉ፣ ከኋላ ወንበሯ ላይ ተንደላቀው ከግቢ ወጡ።

የመኪናዋ ጨዋነት የታየው አደባባዩ ጋ ስትደርስ ነው። ሕጉ «ቅድሚያ ስጥ» ይላል፤ ሰጠች። ሚኒባሱ አለፈ፣ ጋሪው አለፈ፣ ፍራሽ የተሸከመ ሰውም አለፈ። በዚያ ከተማ ደግሞ መንገድ የሚገኘው በሕግ አይደለም፤ ክንድን በመስኮት አውጥቶ፣ ዓይንን አፍጥጦ፣ እናትን ሳይነኩ አባትን በልክ በመሳደብ ነው። ይህን ያስተማራት የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተገትራ ቆመች። ካልሲ ሻጭ ዕቃውን ኮፈኗ ላይ ዘረጋ።

«አንሳ ይሄን» አሉት ሥራ አስኪያጁ በመስኮት።

«ስትሄድ አነሳለሁ፤ ምን አስቸኮለዎት?»

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወሉ። በደብዳቤ «አቶ ሹፌር» የነበረው ሰውዬ በስልክ «ጋሼ» ሆነ።

«ጋሼ፣ የት ነህ?»

«ንብረት ክፍል። ቁልፍ ተረካቢው አልገባም።»

«ተወው ቁልፉን፤ ድረስልኝ።»

«ልነዳት ነው?»

«መሪ የላትም እኮ።»

«ታዲያ ምን ይዤ ልምጣ?»

«ያንን አፍህን።»

ሹፌሩ በእግሩ ደረሰ። ከመኪናዋ ፊት ቆሞ ክንዱን ዘረጋና የሚመጣውን ባለ ሚኒባስ፣ «አንተ፣ መንገዱን ያነጠፈው አባትህ ነው?» አለው። መንገዱ ተከፈተ። እሱ ከፊት፣ መኪናዋ እንደ ጥጃ ከኋላው፣ አዳራሹ ደጃፍ ደረሱ። ሥራ አስኪያጁም ላባቸውን ጠራርገው ስለማትደክመው፣ ስለማታረፍደው መኪና አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሰኞ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ኮሚቴ ደግሞ ተሰብስቦ ሰው ቀንሶ አያውቅም። መኪናዋ ሰው እንደማያስፈልጋት በሙሉ ድምፅ ካጸደቀ በኋላ፣ ከፊቷ እየሄደ የሚቆጣ አንድ፣ ድንገት ስትቆም ከኋላ የሚገጫትን የሚከላከል አንድ፣ ዝናብ ሲጥል የካሜራ ዓይኗን የሚወለውል አንድ ሰው መደበላት።

ሹፌሩ ቤቱ ገባ።

«ምን አደረጉህ?» አለችው ሚስቱ።

«የቅድመ ጉዞ አስተባባሪ አሉኝ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከመኪናዋ ፊት እየሄድኩ እሳደባለሁ።»

«እሱንማ በነጻ ስታደርገው ኖረሃል። ስንት ናችሁ?»

«ሦስት።»

«በአሮጌዋ ጊዜስ?»

«እኔ ብቻ ነበርኩ።»



«እንግዲያው ሰው የማያስፈልገው ሌላ ነገር እንዲገዙ ንገራቸው። ወንድሜ ሥራ ከፈታ ዓመት አለፈው።»