ሟቹ በእኔ ጋቢ

ሰው በቁሙ ሳለ መልኩን ልብ ብሎ የሚያየው የለም፤ ሲሞት ግን ዕድርተኛው ሁሉ «ፎቶው የት አለ?» ይላል። አበው ሙታንን በቅዳሴ ስማቸውን አስጠርተው ይዘክሩ ነበር። ለዛሬ ለቀስተኛ ስም አይበቃውም፤ ከአስከሬኑ ፊት በመስተዋት የተለበጠ ትልቅ ፎቶግራፍ ካልተያዘ ሟቹ የሞተ አይመስለውም። ምን ይደረግ? ዘመኑ ዐይን እንጂ ጆሮ አልፈጠረበትም።

ጎረቤቴ ደምሴ ምን አለሽ ተራ አሮጌ በርሜል እየቀጠቀጠ ምድጃ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ገና በተቃረበ ቁጥር «ዘንድሮስ ላሊበላን ሳልሳለም አልቀርም» ይላል፤ ሚስቱ ወርቄ በሶ ትቋጥርለታለች፤ ገና ያልፋል፤ በሶውንም እዚያው መዶሻው አጠገብ ተቀምጦ ይበላዋል። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ተዘግቷል ይል ነበር። መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ የእርሱ ደረት ተዘጋ።

ያን ዓመት እኔ ከሰፈሩ ተሳላሚዎች ጋር ሄጄ ነበር። ሶማሌ ተራ ፎቶ ቤት ያለው ታደለም ካሜራውን አንግቶ ተከተለን። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ አቆመኝና «የኔታ፣ እስቲ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አለኝ። በባዶ እግሬ፣ መቋሚያዬን ይዤ፣ ጧፍ ያቃጠለውን ጋቢዬን ለብሼ ቆምሁ እንጂ አልሳቅሁም። በእንዲያ ያለ ስፍራ ሰው የሚቆመው ሊያይ ነው ወይስ ሊታይ? ታደለ ግን ፎቶዬን «ዛሬ ነገ» እያለ ሳይሰጠኝ ከረመ።

ደምሴ በክረምቱ መጨረሻ ዐረፈ። በቀብሩ ዕለት ከድንኳኑ ስንወጣ ፎቶግራፉ ከፊት ቀደመ። ደምሴ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሟል! ራሱ ከቀበሌ መታወቂያው የወጣው ኮስታራ ራስ ነው፤ እጁ ግን መቋሚያ ይዟል። አንድ የሥራ ባልደረባው ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው ደብተራ የሆነው? እኔ እኮ በእጁ ከመዶሻና ከብርሌ ሌላ አይቼ አላውቅም» ሲል ሰማሁት። እኔ ያየሁት ጋቢውን ነው። ጠርዙ ላይ ጧፍ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ። አንገቴን ደፍቼ የለበስሁትን ተመለከትሁ፤ ቀዳዳው እዚህም አለ።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። የደምሴ አንገት ወርዶ በእኔ ትከሻ ላይ ያርፋል ብሎ ግን ማን ይጠረጥራል? ትንሣኤ ሙታንን ሳስተምር ደቀ መዛሙርቴ «አውሬ የበላው ሥጋ እንዴት ይነሣል?» እያሉ ሲፈትኑኝ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ለታደለ መቀስ ግን መልስ አጣሁ። ዕድሜ ልኬን ሞትን አስቡ እያልሁ መክሬአለሁ። የገዛ ሥጋዬን ተከትዬ ወደ መቃብር እሄዳለሁ ብዬ ግን አላሰብሁም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ «ይህ ሐሰት ነው፤ ወደ ውስጥ አይገባም» ልል ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ወርቄ ግን ቀደመችኝ። ፎቶግራፉን አቅፋ «ደረስህልኝ ወይ ደሜ! ስንቅህን ስቋጥር ስፈታ፣ ስቋጥር ስፈታ ከርሜ፣ ደረስህልኝ ወይ!» እያለች በመስተዋቱ ላይ ባዶ እግሮቹን ሳመች። የእኔን እግሮች። በዚያች ሰዓት እውነቱን ብናገር ከዚያች ሴት እጅ ምን ይቀር ነበር? የጠረግሁትን ጉሮሮ ለፍትሐቱ ዜማ አዋልሁት።

ከሠልስቱ በኋላ ታደለ ዘንድ ሄጄ ተቆጣሁ። አንገቱን ደፋ። «እትዬ ወርቄ 'እዚያ የደረሰ አስመስልልኝ' ብለው እግሬ ላይ ወደቁ፣ የኔታ። ሌላው ተሳላሚ ሁሉ ኮት ለብሷል፤ በቁመትም በአለባበስም ለጋሼ ደምሴ የሚስማማ የእርስዎ ብቻ ሆነብኝ። ፊልሙም እርጥበት ገብቶት ተበላሽቷል፤ ሌላ ቅጂ የለኝም» አለ። ከዚያም መሳቢያውን ስቦ፣ ከፖስታ ውስጥ በመቀስ የተቆረጠውን የእኔን ራስ በጥንቃቄ አውጥቶ አሳየኝ። «አይዘኑ፤ አልጣልሁትም። የእርስዎ ቀን ሲደርስ አካል ፈልጌ አሳምሬ እገጥምልዎታለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በደጁ ባለፍሁ ቁጥር ሥራውን ትቶ ይወጣና እጅ ነሥቶ ጤንነቴን አጥብቆ ይጠይቀኛል። ከፍቅር ይሁን ከሥራ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።