የእናቴን መሬት ሊያስበላ የነበረው እንግሊዝኛዬ

አታምኑኝም። እኔ፣ ስንቱን ተማሪ «ሮንግ!» እያልኩ ቀይ እስክሪብቶ የጨረስኩት የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ በአንዲት የእንግሊዝኛ ሐረግ የገዛ እናቴን መሬት ላስበላት ነበር!

ቆይ፣ ከመሳቃችሁ በፊት አንብባችሁ ጨርሱት። ኮሜንቱም ይደርሳል፣ አትቸኩሉ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ወደ ማብቂያው ገደማ። ሞጣ በአስተማሪነት ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ። ኮት አለኝ። ጸጉሬ በጊዜው ፋሽን ወደ ላይ የተነፋ ነው፤ አሁን ፕሮፋይሌ ላይ የምታዩትን ራስ ለጊዜው እርሱት። ኮንፊደንስ ደግሞ ከሁሉም በላይ አለኝ።

ከእኔ በፊት የነበረው የውጭ አገር አስተማሪ ሲሄድ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ትቶልኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በየሃያ ገጹ አንድ ጠበቃ ብድግ ይልና «ቢዮንድ ሪዝነብል ዳውት!» ይላል። ዳኛው ይደነግጣል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ተከሳሹ ወይ ይፈታል ወይ ይሰቀላል።

ፍቅር ያዘኝ!

በነጋታው ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። «ልባም ሰው ሊጠራጠርበት የሚችል ቀዳዳ ሳይቀር ማለት ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ቀጥዬም በዚህ ሐረግ ስለ ሕግ አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኳቸው።

ሠሩልኝ። ሌባው በግ መስረቁ ቢዮንድ ሪዝነብል ዳውት ተረጋገጠ። ጎበዝ! ቢዮንድ ሪዝነብል ዳውት ካልተረጋገጠ ዳኛው አያስርም። በጣም ጎበዝ! አንዷ ደግሞ እናቴ ቢዮንድ ሪዝነብል ዳውት ወጥ ትሠራለች ብላ ጻፈች። እሷን እንኳ ቀይ ያሰመርኩባት ሕግ የለበትም ብዬ ብቻ ነው።

ትርጉሙ ልክ ነበር፣ እመኑኝ። የት ቦታ እንደሚባል ግን አላውቅም ነበር። ሌባው፣ እስሩ፣ ስቅላቱ ዓይኔ ሥር ተደርድሮ አላየሁትም!

በዚህ መሃል ከእናቴ መልእክት መጣ።

እናቴ እመት ጥሩወርቅ የምትኖረው ከቢቸና በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ብቻዋን ናት። ጎረቤቷ ግራዝማች ታከለ የድንበሩን ድንጋይ ነቅለው ወደ እሷ ማሳ አርባ እርምጃ ያህል ገብተው ተክለውታል። ማሳው ከአባቷ የወረሰችው ርስት ነው። ጤፍ የሚያበቅልላት ደግሞ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ የሰው እጅ ማየቷ ነው፣ በቃ።

ቢቸና ወረዳ ፍርድ ቤት ከሳ ቀጠሮዋ ደርሷል። ልጄ ይድረስልኝ ብላለች።

ደረስኩላት! ከሞጣ በጭነት መኪና፣ እህል በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ያንን ልብ ወለድ በብብቴ ይዤ። አቧራ ለብሼ ስወርድ እናቴ አቅፋ ሳመችኝና ውክልናዋን በጣት አሻራዋ ሰጠችኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ክርክር ስጽፍ ዋልኩ። እናቴ በመሃል እየመጣች ያ ድንበር ሲተከል እኮ እኔ እዚያ ነበርኩ ልትለኝ ትጀምራለች። እኔ ደግሞ እጄን ከፍ አድርጌ «እማዬ ግዴለሽም፣ ይሄ የሕግ ጉዳይ ነው» እላታለሁ።

ያንን እጄን ዛሬ ባገኘው በጥፊ እለው ነበር። እጅን በጥፊ እንዴት እንደሚሉት አላውቅም እንጂ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት እናቴ አንድ ከበድ ያለ ነገር በነጠላ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አሰረች። ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ስንቅ መስሎኝ ተውኳት። ረጅም ክርክር ስለሚሆን ስንቁ ያስፈልገናል ብዬም አሰብኩ፤ ሰው በራሱ ንግግር ርዝመት ይኮራል?

ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኛ አገር ጥሩ ሙግት አለ ከተባለ ባለጉዳይ ያልሆነውም ሥራውን ትቶ ይመጣል። ግራዝማች ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል። ሰውዬው እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው፤ ጠበቃም ወኪልም አቁመው አያውቁም። ዳኛው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ወጣት ሰው ነው።

ተራዬ ደረሰ። ብድግ አልኩ። ኮቴን ቆለፍኩ።

«ክቡር ዳኛ! ድንበሩ የእናቴ መሆኑን ቢዮንድ ሪዝነብል ዳውት እናስረዳለን! ማለትም ማንም ልባም ሰው የሚጠራጠርበት አንዲት ቀዳዳ ሳትቀር!»

ከኋላ ሰው አጉረመረመ። በአድናቆት ነው! ደስ አለኝና ደገምኩት። ምስክሮቻችን ቢዮንድ ሪዝነብል ዳውት ይናገራሉ። ርስቱም ቢዮንድ ሪዝነብል ዳውት የአያቴ ነው። በአጠቃላይ አራት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አምስተኛውን ልል ስል ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ።

ግራዝማች ቀስ ብለው ተነሱ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ፈገግታ እስካሁን አልረሳሁትም።

«ልጁ ያለው ቃል በቃል ይመዝገብልኝ። አንዲት የምታጠራጥር ነገር ከቀረች መሬቱን ለቀናል ማለቱ ነው። እኔም በዚህ ተስማምቻለሁ።»

ጉድ ፈላ!

እንዲያ አላልኩም ልል ብዬ የጻፍኩትን ክርክር ገለጥኩ። ለካ እንዲያ ነው ያልኩት!

ዳኛው በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ሕዝብ ፊት፣ እንደ ተማሪ። ይህ አባባል ሰው ለሚታሰርበትና ለሚሰቀልበት የወንጀል ክስ ነው አለኝ። በመሬት ክርክር የሚታየው የማን ማስረጃ ይበልጣል የሚለው ብቻ ነው አለኝ። ቀጥሎም «መምህር፣ ሕግ ያልጫነብህን ሸክም ራስህ አንስተህ እናትህ ላይ ጫንክ» አለኝ።

ከኋላ ሳቁ ተነሳ። አድናቆቱ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

በዚያ ዘመን እኛ አገር ችሎት ላይ የወጣ ቃል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የድሮ ተሟጋቾች እኮ ቃላቸውን በበቅሎና በማር ያስይዙ ነበር። አዲሱ ሕግ ያንን ቢያስቀረውም ሰዉ አልተወውም፤ ችሎት ላይ ያለውን የሚበላ ሰው ገበያ ሲወጣ መጠቋቆሚያ ነው።

ዳኛው ወደ እናቴ ዞረ። ሰውዬው ደግ ነበር፣ እግዜር ይስጠው። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት። «እመት ጥሩወርቅ፣ ወኪልዎ ያለውን ማንሳት ይችላሉ። ልጄ ተሳስቷል ቢሉ ይበቃል» አላት።

አንድ ቃል! ተሳስቷል ካለች ሸክሙ ይወርድላታል። እኔም በዓይኔ በይ፣ በይ እያልኳት ነው። ወላዲት አምላክን፣ በዚያች ሰዓት ክብሬን ትቼዋለሁ።

እናቴ አየችኝ። ኮቴን አየች፣ ከዚያ የሚስቁትን ሰዎች ዞር ብላ አየች።

«ልጄ ካለ አለ» አለች። «የማያጠራጥር ይሁን። ብቻ ዳኛው ማሳው ድረስ ይምጡልኝ።»

ሞትኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዳኛው በበቅሎ፣ ጸሐፊው፣ ጭቃ ሹሙና ሁለት ሽማግሌዎች በእግር ሆነው ማሳው ላይ ተገኙ። ከችሎቱ ታዳሚ ግማሹ ተከትሎ መጥቷል፤ ነገሩ በየት በኩል እንደሚፈነዳ ሳያይ ማን ይቀራል?

ግራዝማች ወደ ድንጋዩ ጠቆሙ። ሁለት ምስክሮቻቸው ምለው ድንጋዩ ከድሮ ጀምሮ እዚሁ ነው አሉ። እናቴ ከምስክሮቹ ጋር አልተከራከረችም። ድንጋዩን አልፋ ወደ ግራዝማች በኩል ትሄድ ጀመር። ሄደች፣ ሄደች። ዞር ብላ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያና አንዱን የዋንዛ ዛፍ አስተያየች። ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለችና ቆመች።

«እዚህ ይቆፈር።»

ተቆፈረ። እስከ ጉልበት ምንም የለም። ጥቁር አፈር ብቻ። ግራዝማች በከዘራቸው መሬቱን ቸብ ቸብ እያደረጉ ይጠብቃሉ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ የእንግሊዝኛ ግሥ እርባታ ውስጥ ገብቻለሁ።

ከዚያ ዶማው ኳ አለ!

የወጣው ግማሽ መጅ ነው። ለማታውቁት፣ መጅ ማለት እህል ወፍጮ ላይ ሲፈጭ በሁለት እጅ የሚገፋው ድንጋይ ነው። ከመሃሉ ተሰብሯል።

ግራዝማች ወዲያው «ከመሬት ድንጋይ ወጣ፤ ታዲያ ምን ይገርማል?» አሉ።

እውነታቸውን ነው እኮ! ማንም ሰብሮ ሊጥለው ይችላል። ስንት ወር ያስተማርኩት ሪዝነብል ዳውት ማለት ይኸው፣ ጋቢ ለብሶ ፊቴ ቆሟል።

እናቴ ጀርባዋ ላይ ያለውን ነጠላ ፈታች።

ስንቅ አልነበረም።

ግማሽ መጅ ነበር! ትናንትም ችሎት ተሸክማው የዋለችው፣ ዛሬም ተሸክማ የመጣችው ይኸንኑ ነው። አባቷ ይህን ድንበር ሲተክሉ የእናቷ መጅ ተሰብሮ እንደነበረ፣ ግማሹን አባቷ እዚህ እንደቀበሩት፣ ግማሹን ለእሷ እንደሰጧት ለዳኛው ተናገረች። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ አለች። ቦታውን እንዳልረሳው ጆሮዬን ቆንጥጠውኛል፣ አልረሳሁትም አለች።

ዳኛው ከበቅሎው ወረደ። በዚያ በተተኮሰ ሱሪው አፈሩ ላይ ተንበረከከና ሁለቱን ግማሾች አስጠጋቸው።

ገጠሙ። ፀጉር አያስገባም!

ዳኛው እንደተንበረከከ ቀና ብሎ ግራዝማችን የሚጠራጠሩት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ግራዝማች መጁን አገላብጠው አዩት። ሙግት አዋቂ ናቸው፤ መቼ እንደሚያበቃም ያውቃሉ። «የለም» አሉ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ አሁን በእንግሊዝኛው በል» አለኝ።

በሕይወቴ ሐረጉ ልክ ቦታው ላይ የዋለበት ብቸኛ ጊዜ! እኔ ግን እናቴን ብቻ አያታለሁ። ያን ዕለት እንደኮራሁ ኮርቼ አላውቅም። ሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም፤ ባለቤቴ ይህን ፖስት እንዳታይብኝ አደራ።

የድንበሩ ድንጋይ መጁ የወጣበት ቦታ ላይ ተመልሶ ተተክሎ ወደ ቤት ስንመለስ ይህን ነገር ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣሁ። ደግሞ መቆጣቴ!

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለች።

ያ ከፍ ያደረግኩት እጄ ትዝ አለኝ።

ይሄ ግን ዋናው ውርደት አይደለም፤ ዋናውን ልንገራችሁ። ገበያ ቀን ቢቸና አብረን ወጣን። እናቴ ጨው ሻጯ ጋ ቆመች፣ ከብት ተራ ሄደች፣ እህል ተራ ሄደች። በሄደችበት ሁሉ ልጄ በእንግሊዝኛ ተሟግቶ ረታልኝ ትላለች! ዳኛው አፉን ይዞ ቀረ ትላለች! ሰዉ እየመጣ እጄን ይጨብጠኛል። እኔ ጭንቅላቴን የምደብቅበት አጣሁ።

ወደ ጥግ ሳብኳትና «እማዬ፣ ለምን እንዲህ ትያለሽ? የረታሽው እኮ አንቺ ነሽ» አልኳት።

እናቴ ሞኝ እንደሆንኩ ገባት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ባሏ የሞተባት ሴት ረታች ከተባለ ለከርሞ ሌላው ይሞክረኛል። ዳኛ የሚያስደነግጥ የተማረ ልጅ አላት ከተባለ ግን ድንጋዬን የሚነካ የለም። አሁን ቀጥ ብለህ ከጎኔ ቁም። ሰው ሲመጣ አንድ ሁለት ቃል እንግሊዝኛ ጣል አድርግ።»

ቆምኩ። ለጨው ሻጯ «ጉድ ሞርኒንግ ማዳም» አልኳት። ደንግጣ ጨው ጨመረችልን።

ከዚያ በኋላ በየዕረፍቱ ከሞጣ እየመጣሁ በድንበሩ ላይ ጮክ ብዬ እንግሊዝኛ እያነበብኩ እመላለስ ነበር፤ የምታዘኝ እናቴ ነበረች። እስክትሞት ድረስ ያንን ድንጋይ የነካ የለም።

እንግዲህ እወቁልኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ሰርተፊኬቱ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ ትልቁ ሹመቴ ግን የእናቴ ማሳ ላይ ኮት የለበሰ የወፍ ማስፈራሪያ መሆኔ ነው። ስኮራበት! እስቲ እናንተ ባለ ዲግሪዎች፣ የእናንተስ ትምህርት ከማን ማሳ ላይ አንድ ወፍ አባረረ?