ማሽኑ ኔትወርክ የገባ ለት

በአገራችን «ነገ» የሚባለውን ቀን በዓይኑ ያየው ሰው ካለ እባካችሁ አስተዋውቁኝ። ሱሪያችሁን ለልብስ ሰፊ፣ ቁም ሳጥናችሁን ለአናጺ፣ የሠርግ ካርዳችሁን ለማተሚያ ቤት የሰጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። «ነገ ና!» ትባላላችሁ። ሰውየው ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ፊት ለፊት «አልደረሰም» ብሎ ማሳፈር ነውር ስለሚመስለው ነው። እናንተም ይህ ስለሚገባችሁ ቆየት ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሱም ቆየት እንደምትሉ ስለሚያውቅ ከእናንተ የበለጠ ይቆያል። እንዲህ ተግባብተን ነው የምንኖረው። ጉዱ የሚፈላው ነገ ማለት ነገ ነው ብሎ የሚያምን ሰው የመጣ ለት ነው።

ሰመራ ገና ከተማ መሆንን በምትለማመድበት ዘመን በጋሽ ተሾመ ማተሚያ ቤት ጽሑፍ እለቅምና ገጽ አዘጋጅ ነበር። ጋሽ ተሾመ ከደጋ የወረዱ፣ ሙቀቱን በእርጥብ ፎጣና በቀልድ የሚመክቱ ደግ ሰው ነበሩ። የንብረታቸው ሁሉ ቁንጮ ከአዲስ አበባ ያስመጡት አሮጌ ፊልም ማውጫ ማሽን ነው። ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ፦ እኔ በኮምፒውተር ያዘጋጀሁትን ገጽ በብርሃን ፊልም ላይ ያወርደዋል፤ ከፊልሙ ፕሌት የሚባለው የማተሚያ ቆርቆሮ ይሠራል፤ ከፕሌቱ ይታተማል። እሱ ከቆመ ሁሉም ቆመ። ታዲያ ይህ ማሽን ቋንቋው የሚገባው አብሮት ለመጣው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ የግንቦት ቀትር ሙቀቱን አልቻለምና ሞተ።

እኛ ደግሞ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገዝተን፣ በኔትወርክ አያይዘን፣ ገና መኩራራቱ አልወጣልንም። ማሽኑን ከእነሱ ጋር እናገናኝ ብንል የገመዱ ጫፍ እንኳ አልገጥም አለ። የማሽኑ መሰኪያ መዳፍ ያህላል፤ የአዲሶቹ ቀዳዳ ጥፍር አያህልም።

አሊ የመጣው ልክ በዚህ ሰሞን ነው። አሊ አሳይታ አስተማሪ ነው። ከሽማግሌዎች አፍ የለቀማቸውን ተረቶች በአፋርኛ የልጆች መጽሐፍ አድርጎ እንድናትምለት ሰጥቶናል። የልጆቹ ወላጆች አርብቶ አደሮች ናቸው፤ ሣሩ እያለቀ ስለሆነ ከብቶቻቸውን ይዘው ሊሄዱ ተነስተዋል፤ ልጆቹ መጽሐፉን ይዘው እንዲሄዱ ነው የፈለገው።

«ነገ ያልቃል፣ መምህር» አሉት ጋሽ ተሾመ።

«ኢንሻአላህ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ።»

«ምን ኢንሻአላህ ያስፈልገዋል? አለቀ እኮ!»

ሐቁን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ጥገና የሚያውቀው ብርሃኑ ገና አዋሽ ላይ፣ በሰመራ በኩል ወደ ገላፊ የሚያልፍ መኪና እየለመነ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዳጉ ካልነገርኳችሁ ጨዋታው አይገባችሁም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ» ተባብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን ከነምንጩ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይደርሰዋል። የሰማውንም ለሚቀጥለው መንገደኛ ያደርሳል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መናገር ቀልድ አይደለም። ከብት ያልቅበታል፤ ሰውም ይሞትበታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት እኛ እንተርተዋለን፤ እነሱ ይኖሩበታል።

አሊ የጋሽ ተሾመን «ነገ» ይዞ ሄደ። ነገሯ ከዲቾቶ መንገድ እስከ አሳይታ ገበያ፣ ከዚያም የአዋሽን ወንዝ ተከትላ እስከ በረሃው ደረሰች። የእኛ ኔትወርክ ከክፍል ክፍል መድረስ ባቃተው ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። ሊሄዱ የተነሱት ሰዎች ጉዟቸውን ገቱ።

ብርሃኑ መጣ፣ ፈታ፣ ገጠመ፣ ላቡን ጠረገ። «ሁለቱንም ዓይነት መሰኪያ የያዘ መካከለኛ ኮምፒውተር ካልተገኘ አይሆንም» ብሎ ሊፈልግ ወደ አዋሽ ተመለሰ። አሊ ሲመጣ «ነገ»። ደግሞ ሲመጣ «ነገ፣ ያለ ጥርጥር»። ጋሽ ተሾመ የሚያጽናኑት ይመስላቸው ነበር። እሱም የተነገረውን እንደተነገረው አደረሰ። አርብቶ አደሮቹ በደረቀ መስክ ላይ ጠበቁ። ፍየሎቹ ከሱ፤ ግልገሎቹ ማለቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ሰዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው፣ መጽሐፉን ሳያዩ፣ ሄዱ።

ብርሃኑ አንድ የእርሻ ድርጅት የጣለውን ኮምፒውተር ይዞ ተመለሰ። ከአዲሶቹ የመጣውን ይቀበላል፣ ለአሮጌው በሚገባው መንገድ ያቀብላል፤ አስተርጓሚ በሉት። ከእኔ ጠረጴዛ ላይ አዘዝኩ፤ ማዶ ክፍል ያለው ማሽን አጉረመረመ፤ የአሊ የመጀመሪያ ገጽ ጥርት ብሎ ወጣ። እልል አልን። ጋሽ ተሾመ ፎጣቸውን ወደ ጣሪያው ወረወሩ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲያልቅ ጋሽ ተሾመ ካርቶኖቹን አሳይታ ድረስ እንዳደርስ ላኩኝ። «ይቅርታ በልልኝ፤ ማሽኑ ነው በልልኝ» አሉ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ። ጥፋትን ለማሽን መስጠት ደስ ይላል፤ አይከራከርማ።

አሊ ይቅርታውን በትህትና ተቀበለ፤ አላማረረም። አንዱን ካርቶን እሱ፣ አንዱን እኔ ተሸክመን ወደ ትምህርት ቤቱ ስንሄድ፣ ግመል የሚጎትቱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። አሊን በስሙ ጠሩት፤ እጁን ሳሙ፤ እሱም እጃቸውን ሳመ። እኔ ቁጭ ሊሉ ነው ብዬ ጥላ ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። ሽማግሌው ግን ወደ እኔ መጡ።

«አንተ፣ ከሰመራ ነው የመጣኸው? ዳጉ ንገረኝ» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ።

ደነገጥኩ። እኔን፣ የደጋውን ሰው! ከሰመራ ይዤው የመጣሁት ወሬ ደግሞ የዚያ «ነገ» ወሬ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

«መምህሩ እኮ አለ፣ አባባ፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው፤ ሁሉን የሚያውቀው እሱ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው የግመላቸውን ገመድ እንደያዙ ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ።

አሊ ካርቶኑን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠ። «ንገራቸው» አለኝ፤ «የጠየቁት እኔን አይደለም።»