ዜግነት ያለ ቀብድ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዋጋውን ሳይጨብጥ ዕቃ የሚለቅ የመርካቶ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቃለሁ። የበርበሬ በረንዳው ጋሼ ከማል፣ ትዝታዬ ካልከዳኝ የኖርዌይ ዜግነት በመውሰዳቸው ኢትዮጵያዊነታቸውን አጥተው ነበር። ለማስመለስ ሲያመለክቱ፣ ሕጉ የውጭውን አስቀድመው እንዲተዉ ጠየቃቸው፤ ተዉት።

«ጋሼ፣ የእኛን ቢከለክሉዎትስ? ያለ አገር ሊቀሩ ነው እኮ!» አለቻቸው ጎረቤታቸው ዘሃራ።

«በአገር ላይ ቀብድ አይጠየቅም» አሏት።

ወራት ጠበቁ፤ አንድም ቀን አልተከራከሩም። ለመርካቶ ሰው ይህ ከጾም ይከብዳል። በመጨረሻ ዜግነታቸው የተመለሰበትን ወረቀት ሲቀበሉ፣ እንደ በርበሬ በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

«ኧረ ጋሼ፣ ማኅተሙ አልደረቀም!» ጮኸች ጸሐፊዋ።

ሳምንት ይሁን ወር ረስቻለሁ እንጂ፣ ጋሼ ከማል የጣታቸው ቀለም እንዳይለቅ ለሰላምታ ክንዳቸውን ብቻ ሲሰጡ ሰነበቱ።