የፈረስ ስም የሌለው ልዑል

በእኛ እድር ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ክፉዎቹ የት እንደሚቀበሩ እግዜር ይወቅ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ በቤቴል ሰፈራችን ሰው ሲያርፍ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝና፣ ቁጡው ታጋሽ፣ ቋጣሪው ቸር ሆኖ ሲሸኝ እጄ አለበት። ምን ላድርግ? ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልን ያደግን ሰዎች ነን።

አምና ጎረቤቴ አስር አለቃ ደምሴ በቁማቸው መጡ። በጃንሆይ ጊዜ ፈረሰኛ ወታደር ነበሩ። "የእኔን ከአሁኑ ጻፍልኝ፤ ሰምቼው ልሙት" አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ስለኖረ አንድ የጀርመን ልዑል አነብ ነበር፤ ስሙ አንድ መስመር ተኩል ስለሚፈጅ ልዝለለው። ፈረሰኛ ከፈረሰኛ ይግባባል ብዬ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ልዑሉ የወተት ጥርሱ ሳይነቀል መቶ አለቃ ሆነ። ጢም ሳያወጣ ኮሎኔል። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ጦርነት ፈረሰኛ ጦር እየመራ ዘመተ፤ ሲመለስ ደረቱ ላይ ለኒሻን ቦታ ጠፋ፤ በመጨረሻም ጄኔራል ሆኖ፣ በስተርጅና በተኛበት አረፈ።

አስር አለቃ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ "የፈረስ ስሙስ ማን ነው?" አሉ።

መጽሐፉን አገላበጥኩ። የአባቱም የአማቱም፣ የውሾቹም ሳይቀር ስም አለ፤ የፈረሱ የለም። ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ በእኛ አገር ስመ ጥር የጦር ሰው በፈረሱ ስም አባ እገሌ ተብሎ ይጠራ ነበር። "ታዲያ ይሄ ምኑን ፈረሰኛ ሆነው?" ብለው ልዑሉን ከነኒሻኑ ከኮርቻው አወረዱት።

ከዚያም፣ "እኔ አለኝ" አሉ። ፈረሳቸው ገስጥ ይባል ነበር። የመንግሥት ስለሆነ በአደባባይ ሊጠሩበት አልደፈሩም፤ ጋጣ ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ራሳቸውን "አባ ገስጥ" ይሉ ነበር። "ሟች ባለቤቴም አታውቀውም። ስቀበር አንዴ በሰው ፊት ጥራኝ። ማዕረጌን እንዳትነካ፤ አስር አለቃ ይበቃኛል።"

ቃል ገባሁ።

በጥር አረፉ። ልጃቸው ዓለም ባንክ ሰፈር ቤት የሠራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆነ፣ አባቱን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ጽሑፌን ወስዶ አሳትሞት መጣ። አስር አለቃው ሻምበል ሆነዋል። አባ ገስጥ ተሰርዟል።

"ጋሼ፣ በጋማ ከብት ስም ብንጠራው ሰው ምን ይላል? አባቴ ተዋርዶ እንዲቀበር አልፈልግም" አለኝ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ከሐዘንተኛ ጋር አይከራከሩም ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩት።

በቀብሩ ሰዓት ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ሁለት ቃል ናት፤ ከአፌ ጨምሬ ባነባት የሚያስቆመኝ አልነበረም። የታተመውን ብቻ አነበብኩ። ያን ጊዜ አፈርኩ፣ ዛሬም አፍራለሁ።

ቀባሪው ግን በታሪካቸው ተደንቆ ሲያወራ ነበር። ከቀብር መልስ ከለቅሶው ድንኳን ሳልወጣ አንድ ጡረተኛ ወታደር ክንዴን ይዘው፣ የእሳቸውንም ከአሁኑ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ።

"ማዕረግዎ ምን ነበር?" አልኳቸው።

"እሱን አንተ ታውቃለህ" አሉኝ።