ያልሞላ ጭማሪ

ሕግን የሚያህል አድብቶ የሚጠብቅ ነገር አላየሁም። ስትሸነፍ አጠገብህ ዝር አይልም፤ ልታሸንፍ ስትል ግን ከየት መጣ ሳይባል ብድግ ይላል። አላምን ካላችሁ የሽንኩርቴን ነገር ስሙ።

ቆቦ ላይ መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ገበሬው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ተቀምጦስ ምን ይሥራ? የእርሻ ጎረቤቴ ጀማል ከጅዳ ሲመለስ ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ ይዞልን መጣ። ገንዘብ ስለማናስይዝ ቁማር አይደለም ተባብለን ሕሊናችንን አስተኛን። የምናስይዘው የማሽላ ፍሬ ነው፤ ፍሬው ያለቀበት ሰው የውሃ ተራውን ለአሸናፊው ይለቃል። በዚህ ሐሩር ውሃ ከገንዘብ እንደሚበልጥ እንዴት እንደጠፋን እንጃ።

የዚያን ቀን የውሃ ተራው የኔ ነበር። ሽንኩርቴ ውሃ ካየ ሰንብቷል፤ ያቺ ተራ ካመለጠችኝ አለቀለት። እጄ ላይ ከጥንድ ሁሉ የሚበልጠው ጥንድ አስ ገባልኝና ደረቴን ነፍቼ አንድ እፍኝ ማሽላ አስያዝኩ። ጀማል እኩል አስቀምጦ ተከተለኝ። የጉድጓዳችን የውሃ አባት፣ ተራ የሚደለድሉልን ጋሽ ሞገስ፣ የቀረቻቸውን ሁሉ ገፉ፤ ከእፍኜ የምትበልጠው በጥቂት ፍሬ ነበር። እሳቸው ምን ቸገራቸው? ሽንኩርታቸውን ነቅለው ጨርሰዋል።

መሃል ላይ ለሁላችን ከሚገለጡት ካርታዎች አንድ ቀርቷል። ጀማልን አስፈራርቼ ላስወጣ ያለኝን ሁሉ ልገፋ ስል እጄን ያዘኝ። አብሽር ወንድሜ፣ አይቻልም አለኝ። የጋሽ ሞገስ ጭማሪ ሌላ እፍኝ ስላልሞላ ሙሉ ጭማሪ አይደለም፤ ቀድመን ላስያዝነው ለኛ ጨዋታውን እንደገና አይከፍትም፣ መጨመር አንችልም፤ ወይ ልዩነቱን ሞልተህ ተቀመጥ፣ ወይ ካርታህን ጣል፣ ወላሂ ሕጉ ነው አለ። ማን ያወጣው ሕግ? የት ሸንጎ ተቀምጦ? ስልኩን አውጥቶ ሕጉን አሳየኝ። ልዩነቱን ሞላሁ፤ እሱም ሞላ። የመጨረሻው ካርታ ተገለጠ፤ ሰባት ነው። አዲስ ዙር ስለሆነ አሁን መግፋት ይቻላል፤ በንዴት የቀረኝን ሁሉ ገፋሁ፤ ጀማልም ተቀበለኝ። ለካ ጥንድ ሰባት ይዞ ኖሯል፤ ሦስት ሆነለትና ጥንድ አሴን በላው፤ ማሽላዬም የውሃ ተራዬም ሄደ። ቅድም ብትገፋ ኖሮ ጥዬ እወጣ ነበር ብሎ ደግሞ አጽናናኝ።

መብራት መጣ። ውሃዬ በሽንኩርቴ ጥግ አልፎ ወደ ጀማል ማሳ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ግማሹን እንዳጠጣ መብራቱ ድርግም አለ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሲመለስ የተረፈው ለኔ ይሁን ብዬ ጋሽ ሞገስን ለመንኩ። እሳቸውም መብራት ያቋረጠው ተራ ሙሉ ስላልሆነ ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ የጉድጓዳችን ደንብ ነው ልጄ አሉኝ።

እኔ ልገፋ ስል ያልሞላ ነገር አይከፍትም፤ ጀማል ሊያጠጣ ሲል ያልሞላ ነገር እንደገና ይከፍታል። ሁለቱም ሕግ ነው፤ ሁለቱም የሚያውቀው ግን እኔን ነው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለዘሪቱ ሁሉንም አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ደግ፣ በል ይህንኑ ሄደህ ለሽንኩርቱ ንገረው አለችኝ።

ሄድኩ። መንገር አላስፈለገኝም፤ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀኝ።